የማይሸሽ ደረጃ

ባለፈው ጥር የብረታ ብረት ቤቴን ቁልፍ ለአዲሱ ተከራይ ባስረከብኩ በሳምንቱ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት አርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ያለው ቤቴ ድረስ መጣች። ወደ ጨንቻ የሚወጡት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች በራቸው ሥር የምትዘረጋና የምትታጠፍ ደረጃ አለቻቸው፤ ማን እንደሠራት ስታጠያይቅ ነው ወደ እኔ የጠቆሟት። ደብተሯን ከፍታ፣ "ጋሼ፣ ንድፉን ቢያሳዩኝ?" አለችኝ።

"ንድፉ ጨንቻ ነው ያለው" አልኳት። "ከዘራ ይዞ ይሄዳል።"

የቀለድኩባት መስሏት ሳቀች። ባለቤቴ ዓይናለም ከጓዳ ሆና፣ "አቦ፣ ልጅቷን አታደናግራት! በወጉ ንገራት" ብላ ጮኸችብኝ። ዓይናለም የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ እዚህ ስንት ዘመን ኖራ ይቺን "አቦ" አልጣለቻትም። እኔም አጭር አጭሩን ነግሬ መምህርቷን ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ግን ደስ አላለኝም። የነገርኳት የሚያኮራውን ብቻ ነበር። ያልነገርኳትን ጨምሬ ልጽፈው የተነሳሁት ለዚህ ነው።

የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ፣ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ እያቀበለ ቀኑን ሲውል ድምፁ አይሰማም ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ክር ከተበጠሰብኝ ሰፈሩን በጩኸት የማናጋ ግልፍተኛ። አባቴ ሦስት ዓመት ታገሰኝና፣ "አንተ ልጅ ጥጥ አይሆንህም፣ ብረት ይሻልሃል" ብሎ ድሬዳዋ ሸማኔ ወደነበረው አጎቴ ላከኝ። የአጎቴ ጎረቤት ሙሴ ዘለቀ ይባል ነበር። በባቡሩ ጋራዥ ባለሙያ ሁሉ "ሙሴ" ነው የሚባለው። የእኔ ሙሴ የመንገደኛ ፉርጎዎች መወጣጫ የሚሠራውና የሚጠግነው ክፍል አለቃ ነበር። አራት ሰዎች ነበሩ፤ እኔ አምስተኛ ሆኜ ገባሁ።

ሰው ባቡር ሲባል ልቡ የሚሄደው ሞተሩ ጋ ነው። ስለ ደረጃው የሚያስብ የለም፤ እግሩ ሲያጣው ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መሳፈሪያ አልነበረም። መንገደኛው ጠጠሩ ላይ ቆሞ ነው ፉርጎው ወገቡ ጋ የሚደርስበት። ደረጃውን አርዝመህ ወደ ታች ብትበይደው ድልድይ ጠርዝ ወይም የተቆረጠ አለት ይገጨዋል። ስለዚህ የመጨረሻዋ እርከን ሲቆም የምትዘረጋ፣ ሲሄድ የምትታጠፍ መሆን ነበረባት። ከላሜራና ከአንግል የተሠራች፣ በሁለት ማጠፊያ የተያዘች ትንሽ ነገር ናት። እሷን ስናበጅ ሃያ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረው። ደሞዙ ቤት ያከርም ነበር፤ በሦስት ኮፒ የምንሞላውን ቅጽ ግን ማን እንደሚያነበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሙሴ ዘለቀ ሜትር አይወድም። ኪሱ ውስጥ አንድ የጥጥ ገመድ ነበረችው፣ ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ የሞላባት። በየጊዜው ባቡሩ ላይ ወጥቶ ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ይወርድና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የሰው እግር ያያል። ፊት አያይም። አንዲት ሴት ለመሳፈር ስትቸገር ካየ ጠጋ ብሎ ይቅርታ ይጠይቅና፣ ሳትጨነቅ እግሯን ማንሳት የምትችልበትን ከፍታ በገመዱ ለክቶ እዚያ ላይ ይቋጥራል። ጋራዥ ሲመለስ ቋጠሮዎቹን እየዳሰሰ ያስተዋውቀናል። "ይቺ የሚኤሶዋ ወተት ሻጭ ናት። ይሄ ኤረር ላይ የሚሳፈሩት ዓይነ ስውር ሼህ ናቸው።"

"ሙሴ፣ ሜትር እኮ አለ!" እለዋለሁ፣ ሲነካካኝ።

"ሜትሩ ማንን ያውቃል?" ይለኛል።

ሌላም አመል ነበረው። ደረጃ ተሠርቶ ሲያልቅ እኛ ሃያ ጊዜ ወጥተን ወርደን ብናሳየው አይፈርምም። ከሰፈሩ አንዲት አሮጊት አስጠርቶ፣ ገበያ ስትሄድ የምትሸከመውን ሸክም አሸክሞ፣ እሷ ወጥታ ወርዳ "ይሁን" ስትል ነው የሚፈርመው። ከዚያ ሻይና ሳምቡሳ ይጋብዛታል። አንድ ቀን ተበሳጭቼ፣ "እኔ ወጥቼበት የለም ወይ?" ብለው፣ "አንተማ ጎረምሳ ነህ፣ ደረጃም ባይኖር ትወጣለህ። ደረጃ የሚሠራው ለማይችል ሰው ነው" አለኝ። ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ጊዜ ሽማግሌ ስለሆነ የሚነዘንዘኝ ነበር የሚመስለኝ።

ባቡሩ እየተዳከመ ሄዶ ሲቆም፣ ዓይናለምን አግብቼ ሁለት ልጆች ነበሩን። ወደ አገሬ ልመለስ ወሰንኩ። ሙሴ ዘለቀ ሊሸኘኝ መጥቶ ገመዱን ከኪሱ አወጣና እጄ ላይ አደረጋት። "ቦታ አላት ገና፣ ጨምርበት" አለኝ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም። ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል።

አርባ ምንጭ ሲቀላ ላይ የበርና የመስኮት ብየዳ ከፈትኩ። ስለ ደረጃ የማስበው ነገር አልነበረም። አንድ ቀን እናቴን ከጨንቻ የምትመጣበት መናኸሪያ ሄጄ ስጠብቃት ግን ነገሩ ተለወጠ። ቅጥቅጥ የሚባለው አውቶቡስ የጭነት መኪና ወገብ ላይ እዚሁ አገር ቤት ተቀጥቅጦ የሚሠራ ስለሆነ ወለሉ ከፍ ያለ ነው። ረዳቱ እናቴን ብብቷ ሥር ይዞ፣ እንደ ኩንታል አንስቶ መሬት ላይ አስቀመጣት። ነጠላዋ ተገፎ ወደቀ። እናቴ አፍራ ሳቀች። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ሳቋ ከልቅሶ ይልቅ ከበደኝ።

በማግሥቱ ባለ መኪናውን ደስታን አነጋገርኩት። ደስታ ራሱ ነው የሚነዳው፤ ለመኪናው የሚሳሳ ሰው ነው። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ቋሚ ደረጃ በየድኩለት፤ የጨንቻ መንገድ ድንጋይ ሳምንት ሳይሞላ ገንጥሎ ጣለው። ቀጥሎ በሰንሰለት የሚሳብ አደረግሁለት። ረዳቱ ታምሩ መሳብ ይረሳና እሱም ሄደ። ደስታ፣ "ወይ ጉዴ! የመኪናዬን በር ልትነቅልልኝ ነው የመጣኸው?" ብሎ አበደ። ሦስተኛውን በሞላ፣ ተለጥጦ በሚመለሰው የሽቦ ጥምጥም ሠራሁት። ታምሩ ወርዶ በእግሩ ረግጦ ይዘረጋዋል፤ መንገደኛው እስኪረግጠው ይይዝለታል፤ የሰው ክብደት እስካለበት ይቆያል፤ እግር ሲነሳለት ሞላው ጠቅ አድርጎ ያጥፈዋል። የሚረሳ ሰው የለም፣ የሚገጭ ድንጋይ የለም።

ሰው ጉድ አለ። "ባለ ደረጃው ዘውዴ" ተባልኩ። በአንድ ክረምት አራት ሌሎች መኪኖች አሠሩኝ። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። ሙከራውን ያደረግሁት እኔው ነኝ፣ ባዶ እጄን፣ ፊቴን ወደ ፊት አድርጌ። የሙሴ ዘለቀ ገመድ መሳቢያ ውስጥ ነበረች። አሮጊትም አላስጠራሁም። ሥራው በዝቶብኛል ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጠግቤ ነው።

ባሎቴ የምትባል የጨንቻ ሴት፣ ብቸኛ ልጇ እዚህ አርባ ምንጭ ልትወልድ ቀኗ ደርሶ፣ አፕልና ቅቤ በጀርባዋ አዝላ መጣች። እኛ ደገኞቹ ጋ ሸክም በጀርባው ያለ ሰው ገደላም ቦታ ላይ እንዴት እንደሚወርድ እኔ የማላውቀው ነገር አይደለም። ዞሮ ነው የሚወርደው፣ ፊቱን ወደ ገደሉ ግንብ አዙሮ፣ በእጁ እየያዘ፣ በእግሩ እየፈለገ። እናቴም እንደዚያ ነው የምትወርደው። ባሎቴም እንደ ልማዷ ዞረች። ታምሩ ክንዷን ይዟታል። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አሳረፈች። ሸክሙ ወደ ጎን ሲያጋድልባት፣ ልታስተካክለው ያንን እግሯን ትንሽ ከፍ አደረገች። ሞላው ጠቅ አለ። ደግማ ስታስቀምጥ ከሥሯ ምንም አልነበረም።

እኔ ከመናኸሪያው ማዶ ሻይ ቤት ነበርኩ። ጩኸት ሰምቼ ስሮጥ አፕሉ መሬት ላይ ተበትኖ ይንከባለላል። ባሎቴ ወድቃ በጋሞኛ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች። "ደረጃው ሸሸኝ! ደረጃው ሸሸኝ!"

ሰዉ ድንጋጤ ነው የሚያስቃዣት አለ። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ጭኗ ተሰብሮ ነበር። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ልጇ በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች፤ እናት አጠገቧ የለችም። ባሎቴ ፒካፕ ላይ ተኝታ ወደ ጨንቻ ተመለሰች፣ ከእንግዲህ መኪና ላይ እግሬን አላነሳም ብላ ምላ። ልጇ ደግሞ ታመመች፤ ሕፃኗን ይዛ ደጋ መውጣት አልቻለችም። እናትና ልጅ በዚያ መንገድ ጫፍና ጫፍ ቀሩ።

ሰዉ ጥፋቱን ታምሩ ላይ ደፈደፈ። ገፍቷት ነው፣ አጣድፏት ነው፣ ክንዷን ለቋት ነው። ደስታ ከሥራ አስወጣው። እኔስ? እኔ "ግሪስ ላድርግለት" እያልኩ በየመኪናው ሄጄ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ማለቴ ነው። አፌን ግን ዘጋሁ። ታምሩ ብየዳ ቤቴ በር ላይ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል፣ እኔ ጭምብሌን ፊቴ ላይ እጥላለሁ።

ከዓይናለም መደበቅ አይቻልም። አንድ ቀን ምሳ አቀረበችልኝና፣ "አቦ፣ ምንድን ነው ያበላሸኸው?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ፣ "ታምሩ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት። አንተ እዚህ ቁጭ ብለህ ምሳ ትበላለህ?" አለችና ሳህኑን ከፊቴ አነሳችው። በትዳራችን ከፊቴ ምግብ ያነሳችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው ነገር አለ። የተሠራ ጥፋት ሳይነገር ሲቀር ከባለቤቱ ጋር ይኖራል፣ ቤቱን ያስጨንቃል ይባላል። የባሎቴ ቤተሰብ ነገሩን ዱቡሻ አቅርበውት ነበር፤ ዱቡሻ ሽማግሌዎቻችን የሚቀመጡበት፣ ነገር የሚታይበት ሜዳ ነው። እኔም ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ታምሩ መሀል ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ባሎቴን በወንበር ተሸክመው አምጥተዋታል። የይቅርታ መጠየቂያችን የሆነውን እርጥብ ሣር ቆርጬ በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ።

"እሷ እውነቷን ነው" አልኩ። "ደረጃው ሸሽቷታል። እንዲሸሽ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ታምሩ ምንም አላጠፋም፤ እኔ እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።"

ታምሩ ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቱን በጋቢው ጠረገ። ደስታም እዚያው ተነስቶ ይቅርታ ጠየቀውና ወደ ሥራው ነገ እንዲመለስ ነገረው።

ባሎቴ ግን ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ፣ "አላልኳችሁም? ስንት ጊዜ ልንገራችሁ! ቃዠች አላችሁኝ!" ብላ ተቆጣች። ሽማግሌዎቹ ምን ይካስሽ ቢሏት አሰብ አደረገችና ወደ እኔ ጠቆመች። "የልጅ ልጄን አላየኋትም። በሚሸሽ ነገር አልወጣም። የማይሸሽ ይሥራልኝና ልሂድ። እኔ ሳልረግጠው ደግሞ ለማንም እንዳይሰጥ።"

አንጀቴን በላችው። የሙሴ ዘለቀን አመል ማንም ሳይነግራት ከአፏ አወጣችው።

ሲቀላ ወርጄ ገመዷን ከመሳቢያ አወጣኋት። ባሎቴ በከዘራ መቆም ስትጀምር ሄጄ እግሯን አስነሳኋትና ቋጠርኩ። ከዚያ በአውቶቡሱ ወለል ከፍታ ልክ የእንጨት ቆጥ ግቢዋ ውስጥ ሠርቼ ደረጃዬን እሱ ላይ ገጠምኩ። መጀመሪያ ሞላውን አላልቼ፣ ዘይት ባለበት ቱቦ አዘግይቼ አመጣሁላት። አፕሏን አዝላ፣ እኔና ጎረቤቷ ግራና ቀኝ ቆመንላት፣ ዞራ ረገጠች፤ እግሯን አነሳች፤ ደረጃው በዝግታ ታጠፈ። "ቀስ ብሎ ቢሸሽም ሸሽቷል" አለችኝ።

ሁለተኛው፣ ረዳቱ በእጁ የሚቆልፈው ነበር። ረገጠችው፣ ወደደችውም። ከዚያ ቁልፉን አየት አድርጋ፣ "ታምሩ ቢረሳስ?" አለች።

"አይረሳም" አልኳት።

"ይረሳል እንጂ! ሰው ነው። ያን ጊዜ ደግሞ መልሳችሁ እሱን ልትወቅሱት ነው?"

ደሜ ፈላ። ብሎኖቹን እየወረወርኩ ፈታሁና ወደ አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ አርጅቶም ጉድጓዱን አልተወም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለ ባሎቴ ግትርነት እለፈልፋለሁ፤ እሱ እያዳመጠ ይሸምናል። ዓይኔ እግሮቹ ላይ አረፈ። አንዱን መርገጫ ወደ ታች ሲጫን ሌላኛው ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ከላይ በአንድ ገመድ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ሳይነሳ ሌላው አይወርድም። ልጅ ሆኜ ሺህ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። "አባዬ!" ብዬ ስጮህ ክሩ ተበጠሰበት። "ዛሬም ያው ነህ" አለኝ።

ደረጃውን ከበሩ ጋር በአንድ ብረት አያያዝኩት። በሩ ሲከፈት ደረጃው ይዘረጋል፤ በሩ ካልተዘጋ በስተቀር ማንም ቢነሳ፣ ማንም ቢረሳ ንቅንቅ አይልም። ሞላ የለው፣ ቁልፍ የለው። ኋላ መኪናው ላይ ሲገጠም፣ ታምሩ ክፍት በር ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ ይወድ ስለነበር ትንሽ አጉረመረመ፤ ደስታ ግን በሩ ሳይዘጋ መኪናውን ማንቀሳቀስ አቆመ።

በሩንም ቆጡ ላይ ገጥሜ ባሳየኋት ቀን ባሎቴ ዞራ እግሯን አሳረፈች። አነሳችው። እንደተነሳ አቆየችው። ሸክሟን አስተካከለች፣ ራሷን አከክ አከክ አደረገች፣ ጎረቤቷን ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀቻት። እኔ ላብ ያጠምቀኛል። ከዚያ እግሯን ቀስ ብላ መለሰችው። እዚያው ነበር። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ እንደገና አደረገችው። መሬት ወርዳ ከዘራዋን ተቀበለችኝና፣ "ይሁን" አለች።

በሳምንቱ ወደ አርባ ምንጭ ወረደች፤ እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ነበር። መናኸሪያው ጋ ልጇ ሕፃኗን ታቅፋ ቆማለች። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያውቃል፤ አንድ ሰው አልተነሳም፣ ደስታም ሞተሩን አጠፋ። ባሎቴ ዞረች። ረገጠች። ወረደች። ልጇ ሕፃኗን ስታቀብላት እኔ መስኮቱ ላይ ግንባሬን ደግፌ አለቀስኩ። ታምሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ደረጃዎች በሙሉ የባሎቴን "ይሁን" ሳያገኙ አልወጡም። ወልካፋ ሥራ ካየች ትመልሰኛለች፤ ዓይናለም "አለቃህ ምን አለች?" ብላ ነው የምትጠይቀኝ። ጉልበቴ እስኪከዳኝና ብየዳውን እስክተው ድረስ እንዲህ ሠራን።

መምህርቷን በሸኘሁ ማግሥት ለባሎቴ ሥራ ማቆሜን ልነግራት ወደ ጨንቻ ወጣሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም። የጫኖ ሙዝ በማዳበሪያ ከረጢት በጀርባዬ አንግቻለሁ። አውቶቡሱ ደጇ ጋ ሲቆም በሩ ተከፈተ፣ ደረጃው ተዘረጋ። ልወርድ ስል ጉልበቴ ፊት ለፊት እምቢ አለኝ። ዞርኩ። እንደ እናቴ፣ እንደ እሷ፣ ብረቱን ይዤ በእግሬ ፈለግሁ። አገኘሁት። ሙዙ አጋደለብኝ፤ ሳላስበው እግሬን አነሳሁ። ያቺን ቅጽበት በሕይወቴ አልረሳትም። መልሼ ሳወርደው ደረጃው እዚያው ይጠብቀኝ ነበር።

ባሎቴ መንገድ ዳር ድንጋዩ ላይ ከዘራዋን ይዛ ተቀምጣ ታየኛለች። አሁን ወደ ሰማንያው ተጠግታለች።

"ደረጃው ሸሸህ?" አለችኝ።

"አልሸሸኝም፣ እማማ።"

"እስቲ ገመዷን" አለች። ሰጠኋት። እግሬን አስነስታ ለካች፤ ቋጠረች። ከዚያ የእሷን ቋጠሮ ፈልጋ ከእኔ ጋር አስተያየችውና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። የእኔ በሁለት ጣት ዝቅ ይላል። "እበልጥሃለሁ! በዚህች በተሰበረች እግሬ እበልጥሃለሁ! እንግዲህ ደረጃውን ዝቅ ልታደርገው ነው።"

"እማማ፣ እኔ እኮ ሥራ አቁሜያለሁ። ቁልፉንም አስረክቤያለሁ።"

ሳቋን አቆመች። "እኔ መቼ አሰናበትኩህ?" አለችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ለመምህርቷ ደወልኩላት። ንድፉን ማየት ከፈለገች ደብተሯን ትታ፣ በጀርባዋ የምትሸከመው ነገር ይዛ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት።